ከማታ ትምህርት የተነሣው ዩኒቨርሲቲ

ቀን ሲያርስ፣ ሲያርም ወይም ከብት ሲጠብቅ የዋለ ሰው ማታ ፋኖስ አብርቶ ፊደል መቁጠር ምን ያህል እንደሚከብደው ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም። ዓይን በእንቅልፍ ይከደናል። ዕርፍ የለመደ እጅ እርሳስ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። «አሁን ይህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እርጅና መጣ እኮ!» የሚልም አይጠፋም። እኛም በየማታው ክፍል ይህን ደጋግመን ሰምተናል።

ብዙ ሰው የማታ ትምህርት የድሃ አገር ነገር ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ዛሬ የምናነበው በሀብታም አገር፣ በትልቅ ከተማ ውስጥ ስላለ አንድ ትምህርት ቤት ነው። ይህ ትምህርት ቤት ሥራውን የጀመረው ቀን በሥራ ለሚውሉ ሰዎች ማታ ማታ በማስተማር ነበር። ዛሬ ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ቃሉ «የሰሜን ምሥራቅ» ማለት ነው። ከተማው ቦስተን በአሜሪካ አገር በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ይገኛልና ስሙ ከዚያ መጣ።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ሦስት ነገር እናስረዳ።

አንደኛ፣ እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ወደ እኛ ለመመለስ 7 ወይም 8 መቀነስ ነው። ትምህርት ቤቱ በ1898 መኸር ላይ ተጀመረ ስንል በእኛ 1891 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የዓድዋ ድል ከሆነ ገና ሦስት ዓመት አልሞላም ነበር።

ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲ ማለት ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ያለው ትምህርት የሚሰጥበት ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ሐኪሙ፣ መሐንዲሱ፣ የሕግ አዋቂው፣ መምህሩ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ሦስተኛ፣ «የግል» የሚለውን ቃል እንይ። የግል ዩኒቨርሲቲ ሲባል እንደ ወፍጮ ቤት ወይም እንደ ሱቅ አንድ ባለቤት ያለው፣ ትርፉን ወደ ኪሱ የሚያስገባ ሰው ያለው የሚመስለን እንኖራለን። እንዲህ ያሉም በየአገሩ አሉ። ይህ የምናነብለት ግን ከእነዚያ አይደለም። የመንግሥት አይደለም፤ የአንድ ነጋዴም አይደለም። ባለአደራዎች የሚባሉ ሰዎች ተሰብስበው ያስተዳድሩታል። ገንዘብ ቢተርፍ ለራሱ ለትምህርት ቤቱ ይውላል እንጂ ለማንም አይከፋፈልም። እድር የማንም ሰው የግል ንብረት እንዳልሆነ ሁሉ እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ የእድር ዳኛ የሚመረጠው በአባላቱ ነው፤ እዚያ ግን ተማሪዎቹ ባለአደራዎቹን አይመርጡም። ይህን ልዩነት አንርሳ፤ በኋላ ይጠቅመናል።

ቦስተንና ሠራተኞቿ

በዚያን ጊዜ ቦስተን የወደብና የንግድ ከተማ ነበረች። በከተማዋና በአካባቢዋ የጫማና የጨርቅ ፋብሪካዎች ሞልተዋል። ባቡር ከየአቅጣጫው ይገባል። ረሃብና ድህነት ያሰደዳቸው የአየርላንድ ሰዎች፣ ከዚያም የጣልያንና የሌሎች አገሮች ሰዎች በመርከብ እየመጡ ይሠፍሩባት ነበር። ቤት የሚሠራው፣ ዕቃ የሚያወርደው፣ በጽሕፈት ቤት ደብዳቤ የሚገለብጠው፣ በሱቅ የሚሸጠው ወጣት ብዙ ነበር።

ትምህርት ቤትስ አልነበረም ወይ? ነበረ እንጂ! ከቦስተን ወንዝ ማዶ ሐርቫርድ የሚባለው የታወቀ ዩኒቨርሲቲ አለ። እርሱ የተቋቋመው በ1636 ነው፤ ዐፄ ፋሲል ጐንደርን በቆረቆሩበት ዘመን መሆኑ ነው። ግን ለማን? ክፍያ መክፈል ለሚችል፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ለመማር ጊዜ ላለው ሰው። ሌሊት ተነሥቶ ወደ ሥራ የሚሄድና ማታ የሚመለስ ሰው በሩን አልፎ ቢሄድ እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም።

በከተማዋ ውስጥ ደግሞ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር የሚባል ድርጅት ነበረ። በአማርኛ በአጭሩ ወወክማ ይባላል። ይህ ማኅበር መጀመሪያ በ1844 በለንደን ተመሠረተ። በአሜሪካ አገር የመጀመሪያው ቅርንጫፍ በ1851 የተከፈተው እዚሁ ቦስተን ነው። ከገጠርና ከባሕር ማዶ ለሚመጡ ወጣቶች መሰብሰቢያ፣ የጸሎትና የስፖርት ቦታ ሆነ። ንባብና ሒሳብ የመሰለውንም ማታ ማታ ያስተምር ነበር።

በ1898 ማኅበሩ ይህን ትምህርት አደራጅቶ የወጣት ወንዶች የማታ ትምህርት ቤት አቋቋመ። የሚመራው ፍራንክ ፓልመር ስፒር የሚባል መምህር ነበር። ይህ ሰው እስከ 1940 ድረስ፣ ማለት ከ40 ዓመት በላይ፣ ትምህርት ቤቱን መርቷል። በዚያው በ1898 ሕግ በማታ ማስተማር ጀመሩ።

ለምን ሕግ? ነገሩን እናስበው። ቀን በጽሕፈት ቤት የጠበቃ ወረቀት ሲገለብጥ የሚውል ልጅ «እኔስ ራሴ ጠበቃ ብሆን!» ማለቱ አይቀርም። የሕግ ትምህርት ደግሞ መጽሐፍ፣ ወንበርና የሚያውቅ አስተማሪ ካገኘ ይበቃዋል፤ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ድሃ ትምህርት ቤት ሊጀምረው የሚችለው ትምህርት ነው።

ነገር ግን ተምሮ መጨረስ ብቻውን አይበቃም። «ተምሯል» ብሎ የሚመሰክርለት፣ መንግሥት የሚያውቀው ማስረጃ ያስፈልጋል። ይህ ማስረጃ ዲግሪ ይባላል። ዲግሪ ለመስጠት ፈቃድ ማግኘት ግድ ነው። የማታው የሕግ ትምህርት ቤት ይህን ፈቃድ ያገኘው በ1904 ነው።

ከዚያ ሌላ ሌላው ተከተለ። ፈረስ የሚጎትተው ሠረገላ በሞተር መኪና መተካት ሲጀምር በ1903 የአውቶሞቢል ትምህርት ቤት ተከፈተ። የምሕንድስና ትምህርት መጣ። የንግድና የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ተጨመረ። ገበያው ምን ዓይነት ሙያ እንደሚፈልግ እያዩ ያንን ማስተማር ነው። ታላላቆቹ ትምህርት ቤቶች ይህን እንደ ዝቅተኛ ነገር ሳይቆጥሩት አልቀሩም። ለሠራተኛው ግን እንጀራው ነበር።

አንድ ሳምንት ትምህርት፣ አንድ ሳምንት ሥራ

በ1909 የምሕንድስና ትምህርት በቀንም መሰጠት ጀመረ። እዚህ ላይ ጥያቄ ይመጣል። ቀን የሚማር ሰው ምን ይበላል? ማን ይከፍልለታል?

መልሱን ያገኙት ከሌላ ከተማ ነው። ሄርማን ሽናይደር የሚባል መምህር በሲንሲናቲ ከተማ በ1906 አንድ አዲስ ዘዴ ጀምሮ ነበር። «የትብብር ትምህርት» ይባላል። ዘዴው እንዲህ ነው። ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ። ሁለቱ አንድ የሥራ ቦታ ይይዛሉ። በዚህ ሳምንት አንዱ በባቡር ድርጅት ወይም በፋብሪካ ሲሠራ ሌላው ክፍል ውስጥ ይማራል። በሚመጣው ሳምንት ይቀያየራሉ። አሠሪው ቦታው አንድም ቀን ባዶ አይሆንበትም። ተማሪውም ይማራል፤ ደመወዝም ያገኛል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች መቀናጆ ገጥመው አንድ ጊዜ የዚህን፣ አንድ ጊዜ የዚያን ማሳ ያርሱ የለም እንዴ? ሐሳቡ ከዚያ አይርቅም። ለብቻው ምንም ሊያደርግ የማይችለው ሰው ተጣምሮ ሁለቱንም ያገኛል።

በቦስተን ዘዴው የተጀመረው በ8 ተማሪዎች ነው። ስምንት ሰው ማለት ለደቦ እንኳ የማይበቃ ነው። በኋላ ግን የትምህርት ቤቱ ዋና መታወቂያ የሆነው ይኸው ዘዴ ነው።

የትብብር ትምህርት ጥቅሙ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ማሳ ሳይረግጥ ስለ ማሳ በመጽሐፍ ብቻ የተማረ ባለሙያ አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ጫማው እንዳይቆሽሽ ድንበር ላይ ቆሞ ምክር ይሰጣል። ያወቀው ነገር ውሸት አይደለም፤ ግን አፈሩ ሲረጥብና ሲደርቅ ምን እንደሚሆን እጁ አያውቀውም። ክፍል ውስጥ የተማረውን በማግሥቱ በሥራ ላይ የሚያየው ተማሪ እንዲህ አይሆንም። የማይገባው ነገር ሲያጋጥመው በሚመጣው ሳምንት ይዞት ይመጣና መምህሩን ይጠይቃል። አንዳንድ ጊዜም መምህሩን ያስቸግረዋል።

ችግር የለበትም አንልም። አሠሪው ሙያ ከማሳየት ይልቅ ተማሪውን ዕቃ ማመላለሻ ሊያደርገው ይችላል። ደግሞም ይህ ትምህርት በሁለት እግር የቆመ ነው፤ አንዱ ክፍል፣ ሌላው ሥራ። ከ1929 በኋላ በአሜሪካ ንግድ ወድቆ ፋብሪካ ሲዘጋ፣ ለአባወራው የጠፋ ሥራ ለተማሪው ከየት ይመጣል? በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ አንድ እግሩ ተሰብሮ ነበር ማለት ይቻላል።

ቦታና ቤት

ትምህርት ቤቱ በ1916 ኖርዝኢስተርን ኮሌጅ፣ በ1922 ደግሞ ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ስሙ ትልቅ ሆነ እንጂ ቤቱ ገና የሰው ነበር። የሚያስተምረው በወወክማ ሕንፃ ውስጥ ነው። የማኅበሩ የቀድሞ ሕንፃ በ1910 ተቃጥሎ ስለነበር በ1913 ሀንቲንግተን በሚባለው ሰፊ ጐዳና ላይ አዲስ ሠርቶ ገብቷል። ዩኒቨርሲቲው በዚያ ጐዳና ላይ ለራሱ የመጀመሪያውን የትምህርት ሕንፃ ያስመረቀው በ1938 ነው። ከተጀመረ 40 ዓመት ሆኖታል። ከወወክማ በአስተዳደር ጨርሶ የተለየው ደግሞ በ1948 ነው። ከእናት ቤት መውጣት ጊዜ ይፈልጋል።

የከተማ ዩኒቨርሲቲ ትልቁ ችግሩ መሬት ነው። ገጠር ያለ ትምህርት ቤት ሲሰፋ አጥር ገፋ ያደርጋል። ከተማ ውስጥ ግን አንድ ክንድ መሬት በገንዘብ ይመዘናል። የቦስተን ሰዎች መሬት ሲጠባቸው የባሕሩን ረግረግ በባቡር በመጣ ጠጠርና አፈር ሞልተው ሠፈር እስከ መቆርቆር ደርሰዋል። ዩኒቨርሲቲውም አንድ አሮጌ መጋዘን ሲገኝ እየገዛ፣ አንድ ባዶ ቦታ ሲገኝ እየገዛ ነው የሰፋው። ከነዚህ አንዱ የቀድሞ የቤዝቦል ሜዳ ነው። ቤዝቦል እንደ ገና ጨዋታችን በዱላ የሚመታ የኳስ ጨዋታ ነው፤ አሜሪካኖች ይሞቱለታል። በ1903 የመጀመሪያው «የዓለም ሻምፒዮና» የሚሉት ግጥሚያ የተጀመረውም ያለቀውም በዚሁ ሜዳ ላይ ሲሆን የቦስተን ቡድን አሸነፈ። ዛሬ በሜዳው ላይ የዩኒቨርሲቲው ሕንፃዎች ቆመዋል። የአንድ የታወቀ ተጫዋች ሐውልትም እዚያ አለ።

ሴቶችስ?

ስሙ የወጣት ወንዶች ትምህርት ቤት ነበርና ሴት አይገባበትም ነበር። የሕግ ትምህርት ቤቱ በ1922 ለሴቶች በሩን ከፈተ። የቀኑ ትምህርት ግን እስከ 1943 ዘግቶባቸው ቆየ። በ1943 ምን ተገኘ? ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነበር። ወንዶቹ ወደ ጦር ሜዳ ስለሄዱ ክፍሉ ባዶ ሆነ። እንግዲህ ሴቶቹ የገቡት ትምህርት ቤቱ በድንገት ስለራራላቸው ነው ብለን አናምንም። ወንበሩ ባዶ ስለሆነ ነው። ቢሆንም ከገቡ በኋላ «ጦርነቱ አልቋል፣ ውጡ» ያላቸው የለም። በማታ ትምህርታችን ልጅ አዝለው ከኋላ ይቀመጡ የነበሩ እናቶች ይህን ዓመት ልብ ይበሉት።

እድገቱና መዘዙ

በ1944 የአሜሪካ መንግሥት ከጦር ሜዳ ለሚመለሱ ወታደሮች የትምህርት ክፍያ የሚሸፍን ሕግ አወጣ። በሺህ የሚቆጠሩ የቀድሞ ወታደሮች ወደየዩኒቨርሲቲው ጐረፉ። ከአዛውንት ቤተሰብ ያልተወለደ፣ ሚስትና ልጅ ያለው፣ ቀን የሚሠራ ሰው እንደ ኖርዝኢስተርን የሚመቸው አልነበረም።

ከ1959 እስከ 1975 ድረስ ዩኒቨርሲቲው እንደ ክረምት ወንዝ ሞላ። በ1960 ለማታና ለትርፍ ጊዜ ተማሪዎች ራሱን የቻለ ኮሌጅ አቋቋመ። ከከተማው ውጭ ባሉ ቦታዎችም ማታ ያስተምር ነበር። የተማሪዎቹ ቁጥር እጅግ በዝቶ በአሜሪካ አገር ካሉት የግል ዩኒቨርሲቲዎች በተማሪ ብዛት ከትልልቆቹ አንዱ ሆነ። አብዛኛው ተማሪ ከቤቱ ተመላላሽ ነው። ምሳውን ቋጥሮ በባቡር ይመጣል፤ ተምሮ ይመለሳል።

በመካከሉ አንድ ነገር ሆነ። ያ በ1898 ሁሉ የተጀመረበት የሕግ ትምህርት ቤት በ1956 ተዘጋ። በ1968 እንደገና ሲከፈት የቀን ትምህርት ሆኖ ነው፤ ተማሪዎቹም እያፈራረቁ በጠበቃ ቢሮና በፍርድ ቤት የሚሠሩበት ሆነ። ትምህርቱ የተመሰገነ ነው። ግን ቀን የሚሠራው ጸሐፊ ያን የማታ በር አላገኘውም።

በ1990 ገደማ ትልቅ ችግር መጣ። በአካባቢው ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚደርሱት ወጣቶች ቁጥር ቀነሰ። አዲስ ገቢ ተማሪዎች ከታሰበው በጣም አነሱ። የዩኒቨርሲቲው ገቢ ደግሞ አብዛኛው ከተማሪ ክፍያ የሚመጣ ነበር። እንደ ሐርቫርድ ያሉት ከጥንት ጀምሮ ሀብታሞች በስጦታ የሞሉላቸው ጎተራ አላቸው፤ አንድ ዓመት ዝናብ ቢጠፋ ከጎተራቸው ይበላሉ። ኖርዝኢስተርን ግን ከእጅ ወደ አፍ ነበር። ዝናቡ ሲቀር ወዲያው ተራበ። ሠራተኞች ተቀነሱ፤ ወጪ ታጠፈ።

ከዚያ በኋላ አስተዳዳሪዎቹ መንገድ ለወጡ። «ብዙ ተማሪ ከመሰብሰብ ጥቂት መርጠን በደንብ እናስተምር» አሉ። የተማሪ መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ። ተማሪው ከቤቱ ተመላላሽ መሆኑ ቀርቶ ከሌላ ክፍለ አገርና ከባሕር ማዶ እየመጣ እዚያው የሚያድር ሆነ። የምርምር ሥራ ተስፋፋ። ስሙም ከፍ አለ። በ2011 ሻርሎት በሚባል ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ከፈተ፤ በ2019 በለንደን አንድ ኮሌጅ ያዘ። በ2022 ደግሞ በካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ፣ ከ1852 ጀምሮ የቆየውንና ገንዘብ ያጠረውን ሚልስ የሚባል የሴቶች ኮሌጅ ከራሱ ጋር አዋሐደ። ከዚያ የተመረቁ ብዙ ሴቶች ውሕደቱን ተቃውመው ነበር።

ዋጋውስ? በ2020ዎቹ የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያው ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ደርሷል። ይህ ምግብና መኝታ ሳይቆጠር ነው። ለመግባት ከሚያመለክቱት ከ100 ሰዎች የሚፈቀድላቸው ከ10 ያነሱ ናቸው። በአጎራባች ሠፈሮች የሚኖሩ ሰዎችም፣ በተለይ ድሆቹ፣ «ተማሪው ሲበዛ የቤት ኪራይ በላያችን ላይ ወጣብን» እያሉ ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይከራከራሉ። አንደኞቹ «ባይለወጥ ኖሮ በ1990ዎቹ ተዘግቶ ነበር፤ የተዘጋ ትምህርት ቤት ለማንም አይጠቅምም። ደግሞም ለችግረኛ ተማሪ እርዳታ ይሰጣል፤ ለቦስተን የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች ነፃ የትምህርት ዕድል አለው» ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ሁለተኞቹ ደግሞ «ለጫማ ሠሪው ልጅ የተሠራ ቤት የጫማ ሠሪውን ልጅ በር ላይ አቆመው» ይላሉ። ይህም ሐሰት አይደለም። እኛ ግን ወደ ሁለተኞቹ እናደላለን። እርዳታ አግኝቶ የሚገባ ልጅ አለ፤ እርሱ ተመርጦ ነው። በ1898 ማታ የመጣው ሠራተኛ ግን ተመርጦ ሳይሆን መማር ፈልጎ ነው የገባው። ቀደም ብለን ባለአደራዎቹን ተማሪዎች አይመርጧቸውም ያልነውን አስታውሱ። ለውጡ ሲወሰን በር ላይ የቀረውን ሰው ማንም አልጠየቀውም።

የትብብር ትምህርቱ ግን እስከ ዛሬ አለ። መፈራረቂያው ከአንድ ሳምንት ወደ ስድስት ወር ረዝሟል። ተማሪው ስድስት ወር ያህል በሆስፒታል፣ በፋብሪካ፣ በባንክ ወይም በኮምፒውተር ድርጅት ይሠራና ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ባሕር ማዶ ተሻግሮ የሚሠራም አለ። ትልልቅ ሰዎች ሥራቸውን ሳይለቁ የሚማሩበት ኮሌጅም ስሙን እየቀያየረ ቆይቷል። ከትምህርቱ ብዙው ዛሬ የሚሰጠው በኮምፒውተር ስለሆነ ተማሪው ከሥራ ሲመለስ ባቡር መሳፈር አያስፈልገውም፤ ራቱን በልቶ፣ ልጆቹን አስተኝቶ፣ እቤቱ ተቀምጦ ይማራል።